መልሕቅ ያልተጣለበት ደሴት

አጎቴ ባሕር ኃይል እንደነበሩ ያወቅሁት ከእናቴ ነው፤ ከራሳቸው አፍ አልሰማሁትም። ቶሮንቶ ስገባ የተቀበሉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ስካርቦሮ ባለው አፓርትመንታቸው፣ ሳሎን ውስጥ በሚዘረጋው ሶፋ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጡረታ እስኪወጡ ስለሠሩበት የመኪና ማቆሚያ፣ ስለ ሕንፃው ማሞቂያ፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው ብዙ አጫውተውኛል። ስለ ባሕር ግን አንድም ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም።

በየበጋው የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከከተማው ፊት ለፊት ወዳሉት የሐይቁ ደሴቶች በፌሪ ተሻግረው ሲዝናኑ ይውላሉ። አጎቴ ምግቡን በመኪናቸው ጭነው እስከ ወደቡ ያደርሱናል፤ ከዚያ «እኔ መኪናዎቹን እጠብቃለሁ» ይሉና ይቀራሉ። መኪናዎቹ ጠባቂ አያስፈልጋቸውም ነበር። ማንም ግን ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

እኔ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከስካርቦሮ ወጥቼ ፓርክዴል አንዲት ክፍል ከተከራየሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የየቀኑን ጥሪ ለቴክኒሻኖች የምታከፋፍል ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጋት ሴት አለች። ካሪቢያን ባሕር ላይ ከጓደኛዋ ጋር በጋራ የገዛቻት የሸራ ጀልባ አለቻት፤ በየዊንተሩ ሁለት ሳምንት እዚያ ታሳልፋለች። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ስልክ ደውላ የተበላሸ አሳንሰር አድራሻ ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ገመድና ፑሊ የሚገባው ሰው እፈልጋለሁ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለችኝ። የምትሄድበት ቦታ የወፎችና የባሕር ኤሊዎች መጠበቂያ የሆነች ሰው የማይኖርባት ደሴት ናት። በአውሮፕላን አይደረስባትም፤ በጀልባ ብቻ ነው፤ ለዚያውም አስቀድሞ በተሰጠ ፈቃድ። ፈቃዱ ለሦስት ሰው ነበር። እሺ አልኳት።

ጉዞው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ጓደኛዋ በረዶ ላይ ወድቃ ክንዷን ተሰበረች። ይህን እሑድ ቀን አጎቴ ቤት ምሳ እየበላን እንዲሁ ለወሬ ያህል አነሣሁት። አንድ ቦታ ባዶ ሆነ አልኩ።

«ጀልባዋ ስንት ሜትር ናት?» አሉ አጎቴ።

አሥር ሜትር ገደማ መሆኗን ነገርኳቸው።

«ካፒቴኑ ማነው?»

«ባልደረባዬ ራሷ ናት፤ ሃያ ዓመት ነድታለች።»

ጥቂት ጎረሱ። ከዚያ፣ «እኔ ብሄድስ?» አሉ።

ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ሹካቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። እሳቸውን አላዩም፤ ያዩት እኔን ነው፤ ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ በሚል ዓይነት። «በሰባ አራት ዓመትህ?» አሉ በመጨረሻ። አጎቴ ምሳቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱ ባልደረባዬን ኮል አድርጌ ነገርኳት፤ ባሕር ኃይል ነበሩ ስላት ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

የካቲት ላይ ተነሣን። ቶሮንቶን ለቀን ስንወጣ የአውሮፕላኑን ክንፍ በረዶ ሲያጥቡት ነበር፤ ስንወርድ ኮታችንን በእጃችን አንጠልጥለን ነው። ጀልባዋ ነጭ ናት፤ ውስጧ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው እንኳ ፊት ለፊት ሲተላለፍ አንዱ ወደ ጎን መዞር አለበት። አጎቴ ወደ ጀልባዋ ሲረግጡ እጄን ዘረጋሁላቸው። አልያዙኝም። እጃቸውን ጣል አድርገው አንዱን የሽቦ ገመድ ያዙና ገቡ፤ ወዲያው ደግሞ ሻንጣቸውን ከታች አስቀምጠው ሞተሩ የት እንዳለ ጠየቁ። ባልደረባዬ ክዳኑን ከፍታ አሳየቻቸው። ያረጀ እንደሆነ፣ አንዳንዴ በመጀመሪያው ሙከራ እንደማይነሣ ነገረቻቸው። ተንበርክከው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱት ቆዩ።

ወደ ደሴቷ ለመድረስ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብን፤ ማታ ማታ ትናንሽ ወደቦች ላይ እያደርን። ስለ ባሕሩ ውበት ብዙ ማለት አልችልም፤ ከሁለት ቀን ተኩሉ አብዛኛውን እያስመለሰኝ ባልዲ ታቅፌ ነው ያሳለፍኩት። ገመድና ፑሊ ይገባዋል ተብዬ የመጣሁት ሰውዬ ሆዴን ይዤ ስተኛ፣ ሸራውን የሚስቡት አጎቴና ባልደረባዬ ነበሩ። ብዙ አይነጋገሩም። እሷ በእጇ ትጠቁማለች፤ እሳቸው ይስባሉ ወይም ይለቃሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀና ስል መሪውን የያዙት አጎቴ ናቸው። ባልደረባዬ ከጎናቸው ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። በአጎቴ ፊት ላይ ደስታም ሐዘንም አላየሁም። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ይመስሉ ነበር።

ደሴቷ ጋ የደረስነው በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ገደማ ነው። ከሩቅ ስትታይ ዝቅ ያለች፣ ቁጥቋጦ የለበሰች፣ ዳር ዳሯ ነጭ አሸዋ የሆነ መሬት ናት። ከላይዋ ግን ወፎች እንደ ጢስ ይዞራሉ፤ ጩኸታቸው ከመድረሳችን በፊት ደረሰን። ዙሪያዋን ውኃው ሥር ኮራል ነው፣ ድንጋይ የሚመስል ግን ሕይወት ያለውና በቀላሉ የሚሰበር ነገር፤ ስለዚህ መልሕቅ መጣል ክልክል ነው። በምትኩ ከባሕሩ ወለል ጋር በሰንሰለት የታሰረ ትልቅ ነጭ ተንሳፋፊ ኳስ አለ፤ ጀልባ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ባልደረባዬ ቀስ እያለች አስጠጋች። ከጀልባዋ ፊት ላይ ተደፍቼ ገመዱን በኳሱ ቀለበት አሾልኬ መልሼ የጀልባዋ ብረት ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ቀን በኋላ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ጠቃሚ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አጎቴ መጥተው ከላዬ ቆሙ። «ይሄ ይይዛል?»

«ይይዛል ጋሼ። የየቀን ሥራዬ'ኮ ነው።»

«ደግመህ እሰረው።»

«እሺ» አልኩ። እየተናገርን ሳለ ግን የደሴቷ ጠባቂ በትንሽ የሞተር ጀልባ ደረሰ። መሬት መርገጥ ካማረኝ ሦስት ቀኔ ነበር። ቋጠሮውን እንደነበረ ትቼው ሄድኩ።

ጠባቂው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ባርኔጣው ፀሐይ በልቶት ቀለሙን ለቋል። በደሴቷ ላይ ከአንድ ባልደረባው ጋር በየተራ አንድ አንድ ወር ይኖራል። ፈቃዳችንን አየና ሕጎቹን አንድ በአንድ ነገረን። ድንጋይም ዛጎልም አይወሰድም። ምግብ አይወርድም። ከመንገዱ አይወጣም። የጫማችንን ሶል ባልዲ ውስጥ በብሩሽ አሳጠበን፤ ከሌላ አገር የመጣ የሣር ዘር እንዳይኖር የካልሲዬን ክር እንኳ ሳይቀር አየ። ዓይኑ ወደ አጎቴ ሲዞር፣ እሳቸው ጫማቸውን አላወለቁም ነበር።

«እኔ አልወርድም» አሉ በእንግሊዝኛ።

«እዚህ ድረስ መጥተው?» አለ ጠባቂው።

«ከዚህ ይታየኛል።»

ባልደረባዬ ልታግባባቸው ሞከረች፤ እኔም በአማርኛ «ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ብቻ'ኮ ነው» አልኳቸው። «ሂዱ» አሉ። ተውናቸው። በጠባቂው ጀልባ ተሳፍረን ወደ አሸዋው ሄድን።

ደሴቷ ላይ ያሉት ወፎች ሰው አይፈሩም። መጀመሪያ ይህ ደስ ይላል፤ ቆይቶ ግን ያሳቅቃል። አንዷ ጥቁርና ነጭ ወፍ በመንገዱ መካከል አንድ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ጎጆ የላትም፤ አፈሩ ላይ ነው። ጠባቂው ቆመ፤ እኛም ቆምን። ምንም አላደረገችም። በቁጥቋጦው ጥግ በእርጋታ ዞረን አለፍን፤ አንገቷን ብቻ አዙራ ተከተለችን። ጠባቂው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያስረዳን፣ እነዚህ ወፎች በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ እንደሚጥሉ፣ ሰው ደጋግሞ ካስበረገጋቸው ቦታውን ጥለው እንደሚሄዱ ነገረን።

አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ነፋሱ ተለወጠ። እኔ አላስተዋልኩም። ባልደረባዬ ናት ቀና ብላ ሰማዩን ያየችው። ከወደ ምሥራቅ ጥቁር ደመና ይመጣ ነበር። ወደ አሸዋው ስንመለስ ዝናቡ ጀመረ፤ ማዕበሉም ጠባቂው ጀልባውን ያሰረበት ቦታ ላይ ይሰበር ነበር። በዚያ ውኃ ላይ ትንሽ ጀልባ ማስነሣት እንደማይቻል ለማወቅ ባሕረኛ መሆን አያስፈልግም።

ያኔ ነው የእኛን ጀልባ ያየናት። ነጩ ኳስ ቦታው ላይ አለ። ጀልባዋ ግን ከሱ በብዙ ርቃ፣ ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ውኃው በነጭ አረፋ ወደሚፈላበት ወደ ኮራሉ ትንሸራተታለች።

ባልደረባዬ የጠባቂውን የመገናኛ ሬዲዮ ከእጁ ነጠቀችው። «መልሕቁን ይጣሉት!» ብላ ጮኸች። «ይሰሙኛል? መልሕቁን ይጣሉት!»

መልስ አልመጣም። አጎቴ ከታች እንዳሉ ገባኝ፤ ሞተሩ ጋ። ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም። ከጀልባዋ ኋላ ጥቁር ጢስ ቡፍ ብሎ ወጣና ጠፋ። እንደገና ወጣ። ጠፋ። በሦስተኛው ቀጠለ። አጎቴ ከውስጥ ብቅ ብለው መሪው ጋ ተቀመጡ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀስ ብላ ወደ ነፋሱ አዞረች።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ተነሥቷል» አለ ድምፃቸው። ያንን እንግሊዝኛ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ የወጣት ሰው ድምፅ ነበር።

«መልሕቁን ይጣሉት፤ ሞተሩ አይታመንም!» አለች ባልደረባዬ።

«ከሥሬ ኮራል ነው። ይታየኛል።»

«ግድ የለኝም! ጀልባዋ የእኔ ናት!»

«መልሕቅ አልጥልም። ወደ ጥልቁ ወጥቼ እዞራለሁ። ነፋሱ እስኪያልፍ እዞራለሁ።»

ባልደረባዬ ጠባቂውን አየችው፤ አንድ ነገር እንዲል። እሱ ዝናቡ ከባርኔጣው እየወረደ ባሕሩን ብቻ ያያል። መልሕቅ ቢጣል ሰንሰለቱ በብዙ ዘመን ያደገውን ኮራል እየጎተተ ይሰባብረዋል። ሞተሩ ቢጠፋ ደግሞ ሰውየውም ጀልባዋም እዚያው ኮራሉ ላይ ይላተማሉ። ይጣሉት ለማለትም አይጣሉት ለማለትም የፈራ ይመስለኛል።

ከአንድ ሰዓት በላይ ዞሩ። ወደ ነፋሱ ይወጣሉ፤ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይወጣሉ። ዝናቡ ሲጠነክር ጀልባዋ ከዓይናችን ትጠፋና ባልደረባዬ ክንዴን ትጨብጣለች፤ ሲሳሳ ትታያለች። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ገመዱን። እትዬን ምን ብዬ እንደምነግራቸው እንኳ ያሰብኩት በኋላ ነው።

ደመናው ያለፈው በድንገት ነው፤ ፀሐይ ወጣች፤ ወፎቹ ምንም እንዳልሆነ መጮህ ቀጠሉ። ማዕበሉ እስኪበርድ ትንሽ ጠበቅንና ጠባቂው ወሰደን። አጎቴ ጀልባዋን መልሰው ኳሱ ጋ አስጠግተው ነበር። ወደ ውስጥ ስንገባ ከእግር እስከ ራሳቸው ርሰዋል። ባልደረባዬ መሪውን ስትቀበላቸው እጃቸው አልፈታ አላቸው፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ነው ያነሡት። ፎጣ ደረብኩላቸው።

«ምን ሆነ? ገመዱ ተበጠሰ?» አለች ባልደረባዬ።

«ገመዱ ደህና ነው» አሉ አጎቴ።

ዝም ማለት እችል ነበር። «ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ደግመህ እሰረው ብለውኝ ነበር። አላሰርኩትም።»

ባልደረባዬ አልጮኸችብኝም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ራሷ ሄዳ ገመዱን አሰረች፤ እስከ አመሻሽ ድረስም አላነጋገረችኝም።

ጠባቂው አልሄደም። ሻይ ተፈልቶለት አጎቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር» አላቸው። «ነገ ጠዋት ይምጡ። እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

አጎቴ የሻይ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያሉ ተናገሩ። ቀይ ባሕር ላይ እንደዚህች ያለች አንዲት ደሴት ነበረች አሉ። ስንቅ ሳይደርሳቸው ሲቀር እዚያ እየቆሙ የወፍ እንቁላል ይለቅሙ ነበር፤ በባልዲ። ጫጩት መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ውኃ ውስጥ ይከቱታል፤ የተንሳፈፈውን ይጥሉታል፤ የሰመጠውን ይቀቅሉታል።

«ርቦን ነበር መጀመሪያ» አሉ። «በኋላ ስንቁ መምጣት ጀመረ። ግን መልቀም አልተውንም። ልማድ ሆነ። ጨዋታም ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ስንሄድ ወፍ የለም። አንድም። አሸዋው ብቻ።»

«ማን ነበር የሚያዛችሁ?» አለ ጠባቂው። የጠየቀው በክፋት አይመስለኝም።

«እኔ» አሉ አጎቴ። «የጀልባዋ አዛዥ እኔ ነበርኩ።»

ማዕበሉ የጀልባዋን ጎን በቀስታ ይመታ ነበር። ጠባቂው ሻዩን ጠጣ። «ወፎቹ ተመልሰው ይሆን?» አለ።

«አላውቅም። እኔ አልተመለስኩም።»

ጠባቂው ራሱን ነቀነቀ። አጽናኝ ነገር አልተናገረም፤ አንዳንዴ ይመለሳሉ፣ አንዳንዴ አይመለሱም አለ። ኩባያውን ሰጠኝና ተነሣ። ወደ ጀልባው ሲወርድ ዘወር ብሎ፣ «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ። ጫማዎን አጥበው ይጠብቁኝ» አላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት አጎቴ ከሁላችን ቀድመው ተነሥተው ነበር። ጫማቸውን አጥበው፣ ካልሲያቸውን ገልብጠው አራግፈው፣ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ደሴቷ የሄድነው እሳቸው፣ ጠባቂውና እኔ ነን። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠባቂውን ተከተሉ። እንቁላሏን የታቀፈችው ወፍ አሁንም እዚያው መንገዱ ላይ ናት። ጠባቂው በቁጥቋጦው በኩል ሊያዞራቸው ሲል አጎቴ ቆሙ። ሁለት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ናቸው። ወፏ አንገቷን አዘንብላ አየቻቸው። ትንሽ ቆመው፣ በመጡበት በጣም በዝግታ ወደ ኋላቸው ጥቂት እርምጃ ተመለሱና ዞሩ።

«በቃኝ» አሉ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላንም።

በመልሱ ጉዞ ባልደረባዬ ቋጠሮ አስተማረችኝ፤ አንዱን ቋጠሮ መቶ ጊዜ ያህል አሠራችኝ፤ በየመሐሉ አጎቴ በጣታቸው ሳብ ያደርጉና «አይይዝም» ወይም «ይይዛል» ይላሉ። ቶሮንቶ ስንደርስ መንገዱ ሁሉ ጨውና ጭቃ ነበር። አጎቴን ስካርቦሮ አድርሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ በማግሥቱ ጠዋት አንድ የቆመ አሳንሰር ውስጥ ነበርኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ እትዬ ስልክ ደወሉ።

«ሰውዬውን ምን አድርገህ ነው የመለስክልኝ?» አሉ።

ደነገጥኩ። «ምን ሆኑ ጋሼ? አመማቸው?»

«ኧረ ምን ያመዋል! ወሬ አያልቅበትም እንጂ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ስለ ባሕር አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰው፣ አሁን ቁርስ ላይ መርከብ፣ ምሳ ላይ መርከብ! የአየር ትንበያዋን ልጅ በቴሌቪዥን ላይ ያርማታል፤ ነፋሱ ከዚህ አይደለም እያለ። ዝም በል አልኩት'ኮ ትናንት።»

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። አጎቴ የጓደኞቻቸውን ስም፣ የመርከቦቹን ዓይነት፣ የትኛው ወደብ ላይ ምን እንደሚበላ፣ ሁሉን ነግረዋቸዋል። ከዚያ በጣም ሳላስብበት፣ «ስለ እንቁላሉስ ነገሩዎት?» አልኳቸው።

«የምን እንቁላል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት። «እሳቸው ይንገሩዎት» አልኳቸው፤ ቀጥዬም ስለሚከታተሉት የራሳቸው የጉልበት ሕክምና ጠየቅኋቸው።